ቡኒ ጫማ፣ ቁጥር 42፣ 3,800 ብር፦ ከስምንት ወር በኋላ

ይህን ጫማ ካደረግሁ ወዲህ ስንት ሰው "ከየት ነው?" እንዳለኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም። "የዚሁ የሀገራችን ነው" ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ "ሂድ! አይመስልም!" ሙገሳ መሆኑ ነው። የስፖርት አስተማሪያችን ጎንበስ ብሎ በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎት ቀና እያለ "አይመስልም" ሲለኝ "አመሰግናለሁ" አልኩት። ምን ብሎ እንዳመሰገነኝ የገባኝ ማታ ቤቴ ገብቼ ማሰሪያውን ስፈታ ነው።

የገዛሁት ኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። አሁን ሐምሌ ሊያልቅ ነው፤ በጋውንም፣ በልጉንም፣ የክረምቱንም ክፉ ግማሽ አብረን አይተናል። ጫማን በገዙ ማግስት ማመስገን በሠርጉ ቀን ስለ ሙሽራ ዓመል እንደመመስከር ስለሆነ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት።

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። 23 ዓመት ቆሜ ነው የኖርኩት። ጠዋት ከፒያሳ ቁልቁል ወርጄ፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሬ፣ ወደ አራት ኪሎ በእግሬ እወጣለሁ፤ ማታ ደግሞ በዚያው እመለሳለሁ። ለእኔ ጫማ ጌጥ አይደለም፤ ታክሲዬ ነው።

ከሱ በፊት የነበረኝ የውጭ ነው። "ጋሼ፣ ይሄ ኦሪጅናል የቱርክ ነው፤ እንደዚያኛው ቻይና እንዳይመስልዎት" ተብዬ 6,500 ብር የከፈልኩበት። ከየት እንደገዛሁት አልጠራም። ሳጥን ነበረው። ሳጥኑ ውስጥ ስስ ወረቀት፣ ወረቀቱ ውስጥ ጫማው፣ ጫማው ውስጥ ደግሞ እርጥበት የሚመጠው ያ የሲሊካ ጄል ከረጢት። ባለቤቴ ሳጥኑን እስካሁን የመብራትና የውሃ ደረሰኝ ታስቀምጥበታለች፤ ከዚያ ጫማ የቀረልን እሱ ነው።

በአራተኛው ወር የ11ኛ ክፍል ልጆች ፊት ቆሜ ስለ አሲድና ቤዝ ሳወራ፣ ቀኝ እግሬ ሥር አንድ ነገር እንደ ደረቀ ዳቦ ሲፈረፈር ተሰማኝ። ቁልቁል ባይ ሶሉ ተንዷል። ከሰሌዳው እስከ በሩ ድረስ የሄድኩበት መንገድ በጥቁር ፍርፋሪ ተጽፏል። ፊት የተቀመጡት ልጆች ደብተራቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። ብዙው ቀላል ሶል የሚሠራው ከፖሊዩሪቴን ነው። ፖሊዩሪቴን ደግሞ በአየር ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ቀስ እያለ ይሰባበራል፤ ለተማሪዎቼ ሃይድሮሊሲስ ብዬ የማስተምረው ይኸው ነው። ጫማው ሰው ባያደርገውም መጋዘን ውስጥ እንደተቀመጠ ያረጃል። ሳጥን ውስጥ ዓመታት የከረመ ጫማ ከላይ ጎረምሳ፣ ከታች ሽማግሌ ነው። መጠየቅ የነበረብኝ መቼ እንደተመረተ ነበር፤ እኔ የጠየቅሁት የየት አገር እንደሆነ ብቻ።

ያን ቀን ምን አልኩ? "ዕድሌ ነው" አልኩ። ልመልሰው እንኳ አልሄድኩም። ይቺን ቃል ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እፈልጋታለሁ።

የአሁኑን የገዛሁበት ሱቅ ከፒያሳ ቸርችል ጎዳናን ይዘው ወደ ፖስታ ቤት ሲወርዱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። በሩ ጠባብ ነው፤ ስሙን ፀሐይ በልቶታል። ውስጡ ሁለት መደርደሪያ አለ። የግራው መብራት በርቶለታል፤ የቀኙ በመንገዱ ብርሃን ይተዳደራል።

"ግራው የጣሊያን ነው ጋሼ። ቀኙ የኛው ነው" አለኝ ልጁ።

ከግራው አንድ ቡኒ አነሳሁ፤ 5,600 ብር። ውስጡ "ሜድ ኢን ኢታሊ" ተብሎ በወርቃማ ቀለም ተመትቷል። ከቀኙም አንድ ቡኒ አነሳሁ፤ 4,200 ብር። ውስጡ ባዶ ነው። ጎን ለጎን ይዤ አየኋቸው። የአፍንጫቸው ቅርፅ አንድ ነው። የማሰሪያ ቀዳዳቸው አምስት አምስት ነው። ገለበጥኳቸው፤ ሶሉ ላይ የታተመው ቁጥር ሳይቀር አንድ ነው።

"እነዚህ ወንድማማቾች ናቸው እንዴ?"

ልጁ ወደ በሩ አየት አደረገና ሳቀ። "መንታ ናቸው ጋሼ። አንደኛው ፓስፖርት አውጥቷል።"

በዚህ አንዲት መልስ ምክንያት ከሱቁ ሳልወጣ ቀረሁ። ያለ ፓስፖርቱን በ3,800 ተስማማን። ቆዳ መሆኑን ሊያሳየኝ ላይተር ሲያወጣ ግን አስቆምኩት። የላይተሩ ትርዒት ብዙም አያስተምርም፤ ቆዳም ከላይ በተቀባው ነገር ምክንያት ይጠቁራል፣ ሲንተቲኩም ለአንድ ሰከንድ እሳት ይችላል። ይልቅ የተቆረጠበትን ጠርዝ እዩ። እውነተኛው ቆዳ ጠርዙ ላይ የተጠላለፈ ቃጫ ይታይበታል፤ ሲንተቲኩ ከላይ ስስ ፕላስቲክ፣ ከሥሩ ጨርቅ ሆኖ እንደ ሳንዱች ነው። በአውራ ጣታችሁ ስትጫኑት ደግሞ ቆዳ እንደ እጃችሁ ጀርባ ቆዳ ይጨማደድና ስትለቁት ይመለሳል።

ቆዳው የዚህ ጫማ ትልቁ ነገር ነው። ግራው እግር ላይ፣ ከማሰሪያው በስተውጭ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ጠባሳ አለች። እሾህ ይሁን የጓደኛው ቀንድ፣ በሬው ያውቃል። በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ አንደኞች ነን፤ ቆዳው ግን የሚበላሸው ከብቱ በሕይወት ሳለ ነው፤ መተኮሻው፣ አለንጋው፣ እሾሁ፣ መዥገሩ። በጎቹንና ፍየሎቹን እከክ ይበላቸዋል። ይህን ሁሉ አልፎ ለእርድ የደረሰውን ደግሞ ቢላዋው ይበሳዋል። ፋብሪካ ጠባሳ የበዛበትን ቆዳ ፊቱን ፍቆ ወፍራም ቀለም ያለብሰዋል፤ እንዲህ የተደረገ ቆዳ ነው በኋላ ፕላስቲክ የሚመስለው። የእኔው አልተፋቀም። ጠባሳዋን መጀመሪያ ላይ እንደ ጉድለት አይቼ ዋጋ አስቀንሼባታለሁ፤ አሁን ሊስትሮው ሲቦርሽ ዓይኔ እሷን ይፈልጋል።

ሊስትሮውን ካነሳሁ አይቀር። ትምህርት ቤታችን በር ላይ የሚሠራው ልጅ መጀመሪያ ቀን ብሩሹን ሁለቴ እንዳሳረፈበት ቀና ብሎ አየኝና "ቲቸር፣ ይሄ ቀለም ይጠጣል" አለኝ። የቱርክ የተባለውን ሲጠርግ "ይሄ አይጠጣም፤ ቀለሙ ከላይ ነው የሚቀመጠው" ይለኝ ነበር። እኔ የማነበው ነገር ይዤ ስለምቀመጥ አልሰማሁትም። ጫማው ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ጫማውን የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ማሰሪያው በሦስተኛው ሳምንት ተበጠሰ፤ የተሠራበት ክር ለጫማ ሳይሆን ለስጦታ ዕቃ ማሰሪያ የሚሆን ነው። ተረከዙ ላይ ያለው ገበር በአራት ወሩ ተልጦ ካልሲዬን ቡኒ አድርጎታል። ቁጥሩ 42 ይላል እንጂ ጠበብ ይላል፤ እግራችሁ ሰፊ ከሆነ አንድ ቁጥር ጨምሩ። ሶሉ ደረቅ መንገድ ላይ ጥሩ ነው፤ ዝናብ በመታው አዲሱ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ላይ ግን፣ በተለይ ከፒያሳ ወደ ድልድዩ ሲወርዱ፣ እንደ ሕፃን እየተንገዳገድኩ ነው የሄድኩት። በኋላ ጫማ አዳሽ ዘንድ ወስጄ ሥሩ ላይ ስስ ጎማ አስለጠፍኩበት፤ 350 ብር። ሳጥን የለውም። በፌስታል ጠቅልሎ ሲሰጠኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቅር ብሎኛል። ጎመን የገዛሁ ነው የመሰለኝ።

ከሁሉ የከፋው በሁለተኛው ወር የሆነው ነው። የቀኙ እግር አፍንጫ ከሶሉ ተላቆ አፉን ከፈተ። ድልድዩ ላይ ቆሜ አየሁትና ከአፌ የወጣው "አላልኩም! የሀገር ውስጥ ዕቃ!" የሚል ነበር። ማን ምን ብሎኝ እንደሆነ አላውቅም፤ አጠገቤ ሰው አልነበረም። 6,500 ብር ተፈርፍሮ ሲያልቅ "ዕድሌ ነው" ያልኩ ሰውዬ፣ ለሁለት ጣት ማስቲሽ አገሩን በሙሉ ከሰስኩ።

በነጋታው ሱቁ ሄድኩ፤ ልጁ ደግሞ ሠሪው ጋ ላከኝ፤ መርካቶ፣ ሸራ ተራ። ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አራት ሰው ይሠራባታል፤ ማስቲሹ ከደረጃው ጀምሮ ይሸታል። ሠሪው ዕድሜያቸው ወደ 60 የተጠጋ፣ የመነጽራቸውን አንዱን ክንድ በስፌት ክር ያሰሩ ሰው ናቸው። ጫማዬን ተቀብለው የተላቀቀውን በአውራ ጣታቸው ገለጥ አድርገው አሸተቱት። ከዚያ ወደ ማዶ ተቀምጦ ወደሚሠራው ወጣት ጣሉለት። "ያንተ ነው" አሉት። ልጁ አንገቱን ደፋ።

ማስቲሽ በሁለቱም ወገን ተቀብቶ በእጅ ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን ይቆያል፤ ከዚያ ነው ተገጥሞ የሚቀጠቀጠው። እርጥቡን ካጋጠሙት ውስጡ ታፍኖ ይቀራል፤ የያዘ ይመስላል እንጂ አልያዘም። "ነጋዴው ደጅ ቆሞ ሲያጣድፈን ነው" አሉኝ ሰውየው። የድሮውን ፍቀው፣ አድርቀው፣ ገጥመው፣ ከዚያ ዙሪያውን በስፌት አጠናከሩልኝ። ሁለት ሰዓት ግድም ፈጀ። ስንት ልክፈል ስላቸው፦

"የራሴን ጥፋት ላስከፍልዎት እንዴ መምህር?"

ለዚያኛው ጫማ ማን ጋ እሄድ ነበር? የዚህ ጫማ ሁለተኛው ትልቅ ነገር ይሄ ነው፤ የሠራውን ሰው ደረጃ ወጥቼ ላገኘው እችላለሁ።

እየጠበቅኩ ሳለ ዙሪያዬን አየሁ። ሶሉ የቻይና ጽሑፍ ባለበት ጆንያ ነው የመጣው። ማስቲሹ፣ ክሩ፣ የማሰሪያው ቀዳዳ ቀለበት፣ ያ ደካማ ማሰሪያ ሳይቀር ከውጭ ነው። ቆዳው ከሞጆ ነው፤ ቆዳውን የሚያለፋው ክሮም ግን እሱም ከውጭ ይገባል። "ታዲያ የሀገር ውስጡ የቱ ነው?" አልኳቸው። መዶሻቸውን ሳያስቀምጡ "ቆዳውና እጄ" አሉኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲሻገር፣ እሳቸው ዘንድ መጀመሪያ የተወደደው ሶሉ ነው። ሰው ግን "ያገር ውስጥ አይደለም እንዴ፣ ምን አስወደደው?" እያለ ይከራከራቸዋል። እኔም በልቤ እንደዚያ ብዬ ነበር ከ4,200 ያወረድኩት።

ሸራ ተራ ከዚህ የባሰም አይቷል። በ1990ዎቹ ርካሹ የቻይና ጫማ ሲጎርፍ ብዙው ሠሪ ሥራ ፈትቶ ነበር፤ ሰውየው ያኔ ሦስት ሠራተኛ በትነው ራሳቸው የሰው ጫማ ያድሱ ነበር። ከዚያ ገዢው የዚያ ጫማ ዕድሜ ከአንድ ክረምት እንደማያልፍ ሲያይ ቀስ በቀስ ተመለሰ። "እኛም ተምረን ጠበቅነው፤ ሞዴል ቀየርን" አሉ። አባቴ ጫማ ሲል ዳርማር ማለቱ ነበር፤ አርመኖች ያቋቋሙት፣ በደርግ ጊዜ ተወርሶ አንበሳ ጫማ የሆነው። አንዱን ጥንድ ሦስት ጊዜ ሶል አስቀይሮለት፣ ለመስቀልና ለጥምቀት ሲያደርገው ኖሯል። ማንም "የሀገር ውስጥ አይመስልም" ሲለው ሰምቼ አላውቅም።

ማህተሙን ጠየቅኋቸው። መሳቢያ ስበው አሳዩኝ፤ ጣሊያን፣ ቱርክ፣ እንግሊዝ፣ በናስ የተቀረጹ፣ እንደ ቀበሌ ማህተም ተደርድረዋል። ከጥግ አንድ የተለየ አለ፤ የራሳቸው ስም ነው። ጫፉ አላረጀም።

"አስቀርጬው ነበር። በስሜ የመታሁት ጫማ አንድ ወር መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ጣሊያኑ ቅዳሜ ገብቶ ሰኞ የለም። ነጋዴው 'ያንተን ስም ተውልኝ' አለኝ። ተውኩለት።"

ማታለል ነው ልላቸው አስቤ ነበር። 1,400 ብር ለአንዲት የቀለም መስመር የሚከፍለው ገዢ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። እሱም እኔ ነኝ፤ ያውም በ6,500።

ስለ ሀገር ውስጥ ምርት ከመድረክ የሚነገረውን ሁላችንም ሰምተናል። "ኢትዮጵያ ታምርት" የማይባልበት ወር የለም። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ላይ ከአውቶሞቢል እስከ ውስኪ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳያገኙ ሲደረግ፣ ባጣ ቆየኝ ብለን የሀገር ውስጡን የገዛን ብዙ ነን። ከሁለት ዓመት በታች ቆይቶ ክልከላው ሲነሳ ወደ ድሯችን ተመለስን። ያጣ ሰው የገዛውን ዕቃ እንደ ወደደው መቁጠር ስህተት ነበር።

ቆዳው ላይ የተሠራው ደግሞ ለብቻው ያስገርመኛል። በ2000 ዓ.ም. ጥሬ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ በሚልክ ላይ 150 በመቶ ታክስ ተጣለ፤ እዚሁ ተሠርቶ ይውጣ ተብሎ። ልጅ ሆነን የፋሲካ ጠዋት "ቆዳ ያለው! ሌጦ ያለው!" የሚለው ድምፅ ከዶሮው እኩል ነበር የሚያነቃን፤ እናቴ ከቆዳው ብር ለእኛ ሳንቲም ትመድብ ነበር። ባለፈው ፋሲካ የበጋችንን ቆዳ በጨው አሽቼ እስከ ማግሰኞ በር ላይ አስቀመጥኩት። የሚወስድ ጠፋ። ሲሸት ጎረቤት ቅር አለው፤ ቆሻሻ ለሚያነሱት ልጆች 50 ብር ጨምሬ ሰጠሁት። እዚያው ሳምንት አንድ ባልደረባዬ የፕላስቲክ ቀበቶ "የዱባይ ነው" ብሎ አሳየኝ። ደህና ነው አልኩት።

ሂሳቡን ለሚፈልግ፦ የቱርክ የተባለው 6,500 ለአራት ወር፣ በወር 1,625 ብር። ይሄኛው ከጎማው ጋር 4,150 ለስምንት ወር፣ በወር 519 ብር ገደማ፤ ገናም እየሄደ ነው። ማሰሪያውን ከመጀመሪያው ጣሉትና በ60 ብር ሌላ ግዙ። ጎማውን ክረምት ሳይገባ አስለጥፉ። ቢሮ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ከ5 አራት እሰጠዋለሁ፤ እንደ እኔ ለሚቆምና ለሚሄድ ሦስት ተኩል፤ ገበሩ ቢስተካከል አራት ይሆናል።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ሄድኩ። የባለቤቴ ወንድም በመስከረም ያገባል፤ ጥቁሩን በስጦታ ልወስድለት ነው። ዋጋው 4,500 ገብቷል። ልጁ አወቀኝ፤ ቁጥሩን አውጥቶ፣ ወደ ውስጥ ሳይገባ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ "ማህተሙስ ጋሼ? የሠርግ ከሆነ አስመትቼልዎት ልምጣ?" አለኝ።

አማቼ የሚለብሰውን ሱፍ አውቀዋለሁ። የሚጠሩትን እንግዶችም አውቃቸዋለሁ። ከሚገባው በላይ ዝም አልኩ።

"የሰውየው የራሳቸው ስም ያለበት ማህተም አለ፤ እሱን አስመታበት" አልኩት።

ልጁ ሳቀ። ሊወጣ ሲል ግን መልሼ ጠራሁትና እባክህ ሳጥን ፈልግልኝ አልኩት፤ የማንም አገር ይሁን።